ከልብ የሚላክ መልእክት፦ የልብ ድካም ሕሙማንን በሰውነት ውስጥ በሚቀመጡ መሣሪያዎች የመከታተል ታሪክ

መግቢያ

የልብ ድካም ያለበት ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ትንፋሽ አጥሮት፣ እግሩ አብጦ፣ ሌሊቱን ትራስ ደራርቦ ተቀምጦ ካነጋ በኋላ ነው። ለቤተሰቡም ሆነ ለራሱ ሕመሙ በዚያች ሌሊት የተነሣ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በልብና በሳንባ ውስጥ ያለው የደም ግፊት ከፍ ማለት የጀመረው ከብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በፊት ነው። ትንፋሽ ማጠሩና እብጠቱ የረጅም ሂደት መጨረሻዎች እንጂ መነሻዎች አይደሉም።

ሐኪሙ ይህን ሂደት አስቀድሞ ለማወቅ ለዘመናት የነበሩት መሣሪያዎች ዓይኑ፣ እጁ፣ ማዳመጫውና ሚዛን ብቻ ነበሩ። የአንገት ደም መልስ ቧንቧ መገንፈል፣ በሳንባ ግርጌ የሚሰማው ድምፅ፣ የክብደት መጨመር ሁሉም ጠቃሚ ምልክቶች ናቸው፤ ሆኖም ዘግይተው የሚታዩ ናቸው። በአሜሪካ 1,653 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ሕሙማኑ በየቀኑ በስልክ ክብደታቸውንና ስሜታቸውን እንዲያሳውቁ አድርጎ ነበር። ውጤቱ እንደታሰበው አልሆነም፤ ዳግም ሆስፒታል መተኛትም ሆነ ሞት አልቀነሰም። ስለዚህ ጥያቄው «ከሚዛን ቀድሞ የሚናገር ነገር ይኖር ይሆን?» የሚል ሆነ። መልሱ የተገኘው ለሌላ ዓላማ በተሠሩና በሰውነት ውስጥ በተቀበሩ መሣሪያዎች ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ፔስሜከር

ኦክቶበር 8 ቀን 1958 ዓ.ም. በስዊድን ስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው የካሮሊንስካ ሆስፒታል፣ ቀዶ ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ ኢንጂነር ሩኔ ኤልምክቪስት የሠራውን የልብ ምት መቀስቀሻ በአርነ ላርሰን ሰውነት ውስጥ አስቀመጠ። ላርሰን የ43 ዓመት ሰው ነበር። የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር ፈጽሞ በመዘጋቱ በቀን ውስጥ በተደጋጋሚ ራሱን እየሳተ ይወድቅ ነበር። ሁለቱን ባለሙያዎች ደጅ እየጠናች መሣሪያው እንዲሠራ የወተወተችው ባለቤቱ ኤልሰ ማሪ ነበረች። መሣሪያው የተቀረጸው የጫማ ቀለም ቆርቆሮን እንደ ቅርጽ ማውጫ በመጠቀም ነው፤ ባትሪውም ከሰውነት ውጭ እንዲሞላ ተደርጎ የተሠራ ነበር።

ይህ የመጀመሪያው መሣሪያ የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነው። ላርሰን ግን በሕይወት ዘመኑ ከሃያ በላይ መሣሪያዎችን እየቀያየረ እስከ 2001 ዓ.ም. ኖረ፤ በ86 ዓመቱ ሲያርፍም ሁለቱም የሕይወቱ አዳኞች ቀድመውት ሞተው ነበር።

የላርሰን ታሪክ ለክትትል ታሪክ መነሻ የሚሆነው በአንድ ምክንያት ነው። በሰው አካል ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሁለት ሕሙማንን ፈጠረ ማለት ይቻላል፤ አንዱ ሰውየው ራሱ ሲሆን ሌላው መሣሪያው ነው። ባትሪው ይደክማል፣ ሽቦው ይሰበራል፣ ሽፋኑ እርጥበት ያስገባል። እነዚህን ሁሉ ቆዳውን ሳይከፍቱ ማወቅ ግድ ሆነ።

በስልክ የተጀመረው ክትትል

በ1960ዎቹ ዓመታት የፔስሜከር ባትሪዎች ዕድሜ ከሁለት ዓመት ብዙም አያልፍም ነበር። ባትሪው ሊያልቅ ሲቃረብ የልብ ምቱ ፍጥነት በትንሹ ይቀየራል፤ ይህም የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው ይህን በየሳምንቱ ለማስለካት ወደ ሆስፒታል መመላለስ አይችልም።

መፍትሔው የመጣው ቀደም ሲል የልብ ሽቦን በደም መልስ ቧንቧ በኩል አሳልፎ ልብን በማነሣሣት ስሙ ከሚጠራው ከሲይሞር ፈርማን ነው። በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኘው የሞንቴፊዮሬ ሆስፒታል የሚሠሩት ፈርማንና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የልብ ኤሌክትሪክ ምልክትን ወደ ድምፅ ለውጦ በተራ የቤት ስልክ የሚልክ ዘዴ በሥራ ላይ አዋሉ። ሕመምተኛው ቤቱ ተቀምጦ የስልኩን እጀታ በማስተላለፊያው ላይ ያስቀምጣል፤ በሆስፒታሉ ያለው ባለሙያ ደግሞ በወረቀት ላይ የሚወጣውን ምልክት ያነባል። ዛሬ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ሐኪምና ሕመምተኛ ሳይገናኙ ስለ ልብ ሁኔታ በመደበኛነት መነጋገር የቻሉት ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ዘመን የሚጠየቀው ግን «መሣሪያው ደኅና ነው ወይ?» ተብሎ ነበር። «ሰውየውስ ደኅና ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሣም። በ1972 ዓ.ም. የሊቲየም አዮዳይድ ባትሪ በፔስሜከር ውስጥ ገብቶ የመሣሪያው ዕድሜ በብዙ እጥፍ ሲረዝም ስለ ባትሪ የነበረው ሥጋት ረገበ፤ መሐንዲሶችም በዚያች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ሌላ ነገር የመጨመር ዕድል አገኙ።

መሣሪያው ወደ ልብ ድካም ሕሙማን ሲመጣ

ሁለት ግኝቶች እነዚህን መሣሪያዎች ከልብ ድካም ጋር አስተሳሰሩ። የመጀመሪያው በዋርሶ የተወለደው የሚሼል ሚሮውስኪ ሥራ ነው። ሚሮውስኪ እስራኤል ውስጥ ሲሠራ አለቃውና መምህሩ የነበረው ሐኪም በድንገተኛ የልብ ምት መዛባት በ1966 ዓ.ም. ሞተበት። ከዚያ በኋላ በሰውነት ውስጥ ሆኖ ልብን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ ዲፊብሪሌተር ለመሥራት ተነሣ። ሐሳቡን ብዙዎች የማይሆን ነው ብለው ነቅፈውት ነበር። እሱ ግን አላቋረጠም፤ መሣሪያውም በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1980 ዓ.ም. በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተተከለ። በ2005 ዓ.ም. የታተመውና 2,521 የልብ ድካም ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ዲፊብሪሌተሩ ሞትን በ23 በመቶ እንደሚቀንስ ካሳየ በኋላ መሣሪያው ከጥቂቶች ወደ ብዙዎች ተስፋፋ።

ሁለተኛው ግኝት የልብን ግራና ቀኝ ክፍሎች አስተባብሮ የሚያስመታው ፔስሜከር ነው። በፈረንሳይ ሰርዥ ካዞና ባልደረቦቹ በ1994 ዓ.ም. ልቡ በሰፋ ሕመምተኛ አራቱንም የልብ ክፍሎች በአንድነት በማነሣሣት የተገኘውን መሻሻል አስታወቁ። ዘዴው በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

የእነዚህ ሁለት ግኝቶች አንድ ያልታሰበ ውጤት ነበራቸው። በሺህ የሚቆጠሩ የልብ ድካም ሕሙማን ሌሊትና ቀን ልብን የሚያዳምጥ መዝጋቢ በደረታቸው ውስጥ ይዘው መሄድ ጀመሩ። መሣሪያው የሌሊቱን የልብ ምት ፍጥነት ያውቃል፤ ሕመምተኛው በቀን ስንት ሰዓት እንደተንቀሳቀሰ ይቆጥራል፤ የላይኛው የልብ ክፍል መንቀጥቀጥ መቼ እንደጀመረ ይመዘግባል። ሁሉም ስለ ልብ ድካም የሚናገሩ ናቸው። ችግሩ መዝገቡ የሚከፈተው ሕመምተኛው በየጥቂት ወራት ለቀጠሮ ሲመጣ ብቻ መሆኑ ነበር።

ይህን እንቅፋት ያነሣው የገመድ አልባ ግንኙነት ነው። የበርሊኑ ባዮትሮኒክ ኩባንያ መረጃን በየቀኑ በራሱ የሚልክ ሥርዓት በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ፈቃድ ሲያገኝ፣ ሜድትሮኒክም በ2002 ዓ.ም. የራሱን ዘርግቷል። በ2010 ዓ.ም. በታተመውና 1,339 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ የልብ ምት መዛባት ከታየ በኋላ ሐኪሙ ጉዳዩን እስኪመረምር የሚወስደው ጊዜ በተለመደው ቀጠሮ ከአንድ ወር በላይ ሲሆን በርቀት ክትትል ግን ከሁለት ቀን በታች ሆኗል። የሆስፒታል ምልልስም በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

የውሃ ምልክት፦ ተስፋና ትምህርት

ቀጣዩ እርምጃ የበለጠ ብልሃት የታየበት ነበር። ውሃ የኤሌክትሪክ ፍሰትን በቀላሉ ያሳልፋል፤ አየር ግን ይከለክላል። ስለዚህ በልብ ውስጥ ባለው ሽቦና በደረት ቆዳ ሥር ባለው ሣጥን መካከል ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ቢላክ፣ ሳንባ ውሃ ሲቋጥር የሚገጥመው ተቃውሞ መቀነስ አለበት። በሆንግ ኮንግ ቼክ ማን ዩና ባልደረቦቹ በ33 ሕሙማን ላይ ያደረጉትና በ2005 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ይህ ትክክል መሆኑን አሳየ። ሕሙማኑ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ተቃውሞው በአማካይ በ12 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር፤ ቅነሳው የጀመረውም የሕመም ስሜቱ ከመባባሱ በአማካይ 15 ቀናት አስቀድሞ ነው።

ሁለት ሳምንት ለልብ ሐኪም ረጅም ጊዜ ነው፤ የሚያሸናውን መድኃኒት መጠን ከፍ ለማድረግ ከበቂ በላይ ነው። በዚህም የተነሣ ታላቅ ተስፋ ተጣለ። መሣሪያው የውሃ ምልክቱ ከገደብ ሲያልፍ ድምፅ እንዲያሰማና ሕመምተኛውን ራሱን እንዲያስጠነቅቅ ተደረገ።

በ2011 ዓ.ም. የታተመውና 335 ሕሙማንን በዕጣ የደለደለው ጥናት ያመጣው ውጤት ግን ብዙዎችን አስደነገጠ። ማስጠንቀቂያውን የሚሰሙት ሕሙማን ከማይሰሙት ይልቅ በልብ ድካም ምክንያት ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው በ79 በመቶ ከፍ አለ። በተመላላሽ ክፍል የታዩበት ቁጥርም ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። በሞት በኩል የተገኘ ጥቅም አልነበረም።

ይህ ለምን ሆነ? ደረቱ ውስጥ የሚጮኽ ነገር የሰማ ሰው ይደነግጣል፤ ወደ ሐኪሙም ይሮጣል። ሐኪሙ በበኩሉ የተደናገጠ ሕመምተኛና ማስጠንቀቂያ የሰጠ መሣሪያ ከፊቱ ሲያገኝ አስተኝቶ ማየትን ይመርጣል። የሳንባ ምች፣ የደም ማነስ፣ ከተከላው በኋላ የሚኖር እብጠት ሁሉ ያንኑ ምልክት ሊሰጡ እንደሚችሉም ታወቀ። ምልክቱ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ምን መደረግ እንዳለበት አይናገርም ነበር። ማወቅና መርዳት አንድ ነገር አለመሆናቸው ከዚህ ጥናት የተገኘ ትምህርት ነው።

ግፊትን ከምንጩ መለካት

ሌላው መንገድ ረጅም የዘር ሐረግ አለው። ጀርመናዊው ወጣት ሐኪም ቨርነር ፎርስማን በ1929 ዓ.ም. በኤበርስዋልደ ሆስፒታል የሽንት ቱቦ በክንዱ ደም መልስ ቧንቧ አስገብቶ እስከ ልቡ ካደረሰ በኋላ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶ አስነሣ። ድርጊቱ በጊዜው ቢያስነቅፈውም በ1956 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ አድርጎታል። በ1970 ዓ.ም. ስዋንና ጋንዝ በጫፉ ፊኛ ያለው ካቴተር ሲያስተዋውቁ፣ በሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧ ያለውን ግፊት በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ መለካት ተቻለ። ሆኖም ይህ ልኬት ሕመምተኛው ሆስፒታል ተኝቶ ለቀናት የሚደረግ ብቻ ነበር።

ግፊቱን ቤት ድረስ ተከትሎ ለመለካት የተሞከረው የመጀመሪያ ትልቅ ሙከራ በቀኝ የታችኛው የልብ ክፍል ሽቦ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። 274 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2008 ዓ.ም. የታተመው ጥናት የልብ ድካም መባባስን በ21 በመቶ ቀነሰ፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ መመዘኛ የሚያረካ አልነበረም፤ መሣሪያውም ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ። ቢሆንም ያ ጥናት ትቶት ያለፈው ዕውቀት ከፍተኛ ነው። ግፊቱ ከሕመሙ መባባስ ቀድሞ እንደሚነሣና ክብደት ግን ብዙ ጊዜ እምብዛም እንደማይለወጥ በመዝገብ ታየ። ሚዛን ለምን እንደሚያታልል በዚህ ተብራራ።

ሁለተኛው ሙከራ ሽቦም ባትሪም የሌለው ነው። በአትላንታ የተመሠረተው ካርዲዮሜምስ የተባለ ኩባንያ አስቀድሞ የሆድ ዕቃ ዋና ደም ቅዳ ቧንቧ እብጠት ለታከመላቸው ሕሙማን የሠራውን ጥቃቅን የግፊት መለኪያ ወደ ሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧ አሸጋገረው። ርዝመቱ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በብሽሽት ደም መልስ ቧንቧ በኩል በካቴተር ገብቶ በሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧ ቅርንጫፍ ውስጥ ይቀመጣል። ሕመምተኛው በየቀኑ አንቴና ባለው ትራስ ላይ ለጥቂት ጊዜ ይጋደማል፤ ከውጭ የሚላከው የሬዲዮ ሞገድ መለኪያውን ያነሣሣዋል፤ የሚመለሰው ሞገድ ድግግሞሽም እንደ ግፊቱ መጠን ይለያያል። ያ ልኬት ወደ ሐኪሙ ይተላለፋል።

በአሜሪካ በ64 ማዕከላት 550 ሕሙማን የተሳተፉበት ቻምፒዮን የተባለው ጥናት በ2011 ዓ.ም. ታተመ። መለኪያው ለሁሉም ተተክሎ፣ ሐኪሞች ልኬቱን እንዲያዩ የተፈቀደው ግን ለግማሾቹ ብቻ ነበር። በስድስት ወራት ውስጥ በልብ ድካም ሆስፒታል መተኛት በ28 በመቶ፣ በጠቅላላው የክትትል ጊዜ ደግሞ በ37 በመቶ ቀነሰ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች ግን በዚያው ዓመት አብዛኞቹ በጠቃሚነቱ አልተስማሙም። ምክንያታቸው ቀላል አልነበረም፤ የኩባንያው ነርሶች ለአንደኛው ቡድን ሐኪሞች የሕክምና ምክር ይልኩ ስለነበር ጥቅሙ የመለኪያው ነው ወይስ የምክሩ? ተጨማሪ መረጃ ከቀረበ በኋላ መሣሪያው በሜይ 2014 ዓ.ም. ተፈቀደ።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በ2021 ዓ.ም. የታተመው 1,000 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት በጠቅላላ ውጤቱ ልዩነት አላሳየም፤ ምንም እንኳ ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት ያለው ክፍል ብቻ ሲታይ ጥቅም የሚጠቁም ቢሆንም። በ2023 ዓ.ም. ከኔዘርላንድስ የወጣው 348 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ የሕይወት ጥራት መሻሻሉንና ሆስፒታል መተኛት በ44 በመቶ መቀነሱን አሳወቀ።

የሚያዳምጠው ማን ነው?

የአማካሪዎቹ ጥያቄ ሳይታሰብ የነገሩን ፍሬ የነካ ነበር። ይህን በግልጽ የሚያሳዩ ሁለት ጥናቶች አሉ። በ2014 ዓ.ም. የታተመውና 664 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ከዲፊብሪሌተሮች በየቀኑ የሚላከውን መረጃ መሠረት ያደረገ ነበር። አንድ ማዕከላዊ ቡድን መልእክቱን ይከታተላል፤ የሚያሠጋ ነገር ሲያይ ለሆስፒታሉ ያሳውቃል፤ ሆስፒታሉም ለሕመምተኛው ይደውላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ክትትል ከተደረገላቸው 10፣ ካልተደረገላቸው 27 ሕሙማን ሞቱ። በአንጻሩ በእንግሊዝ አገር 1,650 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2017 ዓ.ም. የታተመው ጥናት መረጃው በየሳምንቱ እንዲነበብ አድርጎ ምንም ልዩነት አላገኘም።

ሁለቱም ጥናቶች በልብ ውስጥ ያስቀመጡት ተመሳሳይ መሣሪያዎች ነበሩ። ልዩነታቸው በመልእክቱ ፍጥነት፣ መልእክቱን በሚቀበለው ሰውና ከተቀበለ በኋላ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። በየቀኑ የሚደርስና ወዲያው ምላሽ የሚያገኝ መልእክት ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ዘግይቶ የተነበበ ወይም ምን መደረግ እንዳለበት ያልተወሰነለት መልእክት ግን የሐኪሙን ጠረጴዛ ከመሙላት አያልፍም። በሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧ የሚለካው ግፊት የተሻለ ውጤት ያሳየው ምናልባት ምልክቱ ራሱ መልሱን ስለሚጠቁም ይሆናል፤ ግፊቱ ሲወጣ የሚያሸናው መድኃኒት ይጨመራል፣ ሲወርድ ይቀነሳል።

ከዚህ ጋር አዳዲስ ሥጋቶችም መጥተዋል። የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ በ2007 ዓ.ም. የዲፊብሪሌተራቸው የገመድ አልባ ግንኙነት እንዲዘጋ ማድረጋቸውን በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ ተናግረዋል፤ ምክንያቱ ክፉ የሚያስብ ሰው መሣሪያውን ከሩቅ እንዳያውክ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ 465,000 ለሚያህሉ ፔስሜከሮች የደኅንነት ማሻሻያ እንዲደረግ የተወሰነውም ከዚህ ዓይነት ሥጋት የተነሣ ነው። የልብን ምሥጢር የሚያወጣ በር ለማን ክፍት እንደሆነ መጠየቅ የሐኪምም የሕመምተኛም መብት ሆኗል።

መደምደሚያ

ከስልክ እጀታ እስከ ትራስ አንቴና የተደረገው ጉዞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያልበለጠ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥያቄው ከመሣሪያው ወደ ሰውየው ተሸጋግሯል። ዛሬ የልብ ድምፅን፣ የአተነፋፈስን፣ የእንቅስቃሴንና የደረት ተቃውሞን አጣምረው የሚያሰሉ መሣሪያዎች አሉ። በ2017 ዓ.ም. በታተመ 900 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ይህ ስሌት ከሕመሙ መባባስ 34 ቀናት ገደማ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ችሏል።

እነዚህ መሣሪያዎች ውድ ናቸው፤ በአብዛኛው ያሉትም በበለጸጉ አገሮች ነው። በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በአጣዳፊ የልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ 1,006 ሕሙማንን ያጠናውና በ2012 ዓ.ም. የታተመው ሥራ የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት መሆኑን አሳይቷል። ሠርቶ ቤተሰብ በሚያስተዳድርበት ዕድሜ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ እስኪያገኝ መጠበቅ አይችልም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት መሣሪያውን አይጠብቅም። የልብ ድካም ያለበት ሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሕመሙ ሳይሰማው ሊመለስበት እንደሚችል ማወቅ፣ ለዚህ ጊዜ ቅርብ ቀጠሮ መስጠት፣ የሚያሸናውን መድኃኒት መቼ እንደሚጨምርና መቼ እንደሚቀንስ አስረድቶ መላክ፣ ሲደውልም ስልኩን የሚያነሣ ነርስ ወይም ሐኪም መመደብ የሚቻል ነው። ውጤት ያስገኙት ጥናቶች ሁሉ በመለኪያው ጀርባ እንዲህ ያለ ሰው ነበራቸው። ያልተሳካላቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መለኪያ አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው መልእክቱን በጊዜው ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው።